ቀዩ ክብ አያታልላችሁ፦ ቤዝቦል ሳቫንት ጨዋታ በሌለበት ወራት

የአሜሪካ ቤዝቦል ታላቁ ፍጻሜ የሆነው የወርልድ ሲሪስ የመጨረሻዋ ኳስ ከተያዘችበት ምሽት እስከ ፌብሩዋሪ አጋማሽ ድረስ የቤዝቦል ደጋፊ ቀለቡ ወሬ ነው። እገሌ ሊሸጥ ነው፣ እገሌ ሊፈርም ነው፣ የእገሌ ክንድ ገና አልዳነም። ከዚህ ሁሉ የትኛው ቁም ነገር፣ የትኛው ጫጫታ እንደሆነ ለመለየት ተራ ደጋፊ እጅ ላይ ካሉት መሣሪያዎች የሚበልጠው ቤዝቦል ሳቫንት ነው፤ የሜጀር ሊግ ቤዝቦል የራሱ የመረጃ ድረ ገጽ። ነፃ ነው፣ ምዝገባም የይለፍ ቃልም አይጠይቅም። ችግሩ አጠቃቀሙ ላይ ነው። አብዛኛው ሰው የተጫዋቹን ገጽ ይከፍታል፣ ቀይ ክብ ሲያይ ይፈነድቃል፣ ሰማያዊ ሲያይ ይበሳጫል፣ ከዚያ ይዘጋዋል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው፣ እነዚያ ክቦችም እያሳሳቁ የሚወስዱ ናቸው።

መሣሪያውን በአንድ ቡድን መፈተሽ ይሻላል። ሲያትል ማሪነርስን እንውሰድ፤ የገጹ ጉልበትም ድክመትም እንደዚህ ቡድን ላይ ጎልቶ የሚታይበት የለም። ማሪነርስ በ2025 90 ጨዋታ አሸንፎ ከ2001 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የምድቡ ቁንጮ ሆነ። ወደ ወርልድ ሲሪስ በሚያሳልፈው የአሜሪካን ሊግ ፍጻሜ ሰባተኛ ጨዋታ 3 ለ 1 እየመራ፣ ስምንት አውት (ከጨዋታ የሚያስወጣው መቺ) ብቻ ሲቀረው፣ የቶሮንቶው ጆርጅ ስፕሪንገር በሰባተኛው ኢኒንግ (ዙር) የሦስት ሩጫ ሆም ረን (ከአጥር የምትሻገር ምት) መትቶ 4 ለ 3 ቀለበሰው። ወርልድ ሲሪስ ደርሶ የማያውቅ ብቸኛው ክለብ እንደሆነ ቀረ። እንዲህ ከተጠናቀቀ ዓመት በኋላ የደጋፊው ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህ ቡድን በእርግጥ ይህን ያህል ጥሩ ነበር ወይስ ዕድል ገፋችው?

በመጀመሪያ የሚለካው ነገር ምን እንደሆነ። ስታትካስት የሚባለው የመለኪያ ሥርዓት በ2015 በሠላሳዎቹም ስታዲየሞች ሥራ ጀመረ። መጀመሪያ ላይ ራዳርና ካሜራ ተቀናጅተው ይሠሩ ነበር፤ ከ2020 ጀምሮ በየስታዲየሙ 12 ካሜራ ያለው ሆክ አይ የተባለ ሥርዓት ተተካ። ስለዚህ ከ2020 በፊትና በኋላ ያሉ ቁጥሮችን ጎን ለጎን ስታስቀምጡ ለትንንሽ ልዩነቶች ብዙ ትርጉም አትስጡ። የዱላ ፍጥነት ደግሞ ለሕዝብ የተለቀቀው በሜይ 2024 ነው፣ መረጃውም ከ2023 አጋማሽ ወደኋላ አይሄድም። «ይህ ሰው በ2019 ዱላው እንዴት ፈጣን ነበር!» የሚል ክርክር ካያችሁ ከሳቫንት የመጣ አይደለም።

አሁን ወደ ክቦቹ። በተጫዋቹ ገጽ አናት ላይ ያሉት ክቦች ፐርሰንታይል ናቸው፣ ማለትም ከመቶ ተጫዋቾች ስንቱን እንደሚበልጥ የሚናገሩ ደረጃ እንጂ መጠን አይደሉም። ፐርሰንታይል 60 እና 40 ላይ ባሉ ሁለት ሯጮች መካከል ያለው የፍጥነት ልዩነት በሴኮንድ ከአንድ ጫማ ያነሰ ነው፤ ቀለሙ ግን አንዱን ወደ ቀይ፣ ሌላውን ወደ ሰማያዊ ይጎትታል። መሐል ላይ ሰው ስለሚበዛ ትንሽ ልዩነት ብዙ ደረጃ ያዘልላል፣ ጫፍ ላይ ግን ሰው ስለሚሳሳ ትልቅ ልዩነት ሁለት ደረጃ ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ክቡን አይታችሁ አትቁሙ፤ ከሥር ያለውን ጥሬ ቁጥር ፈልጉ።

ሌላም ወጥመድ አለ። በደረጃው ውስጥ ለመቆጠር መቺ ቡድኑ በተጫወተው ጨዋታ ልክ በአማካይ 2.1 ጊዜ ለመምታት መቅረብ አለበት፤ ወርዋሪ ደግሞ በአንድ የቡድን ጨዋታ 1.25 መቺዎችን መግጠም ይኖርበታል። በ162 ጨዋታ ሲሰላ ለመቺ 340 ገደማ፣ ለወርዋሪ 200 ገደማ ይሆናል። ቡድናችሁ በዕረፍቱ ወራት ያመጣው ሰው ግማሹን ዓመት ተጎድቶ ካሳለፈ ገጹ ቀለም ላይኖረው ይችላል፤ ያ ማለት መጥፎ ነው ማለት አይደለም። በተቃራኒው ደግሞ ልክ ገደቡን አልፎ በቀይ የተሞላ ሰው በ350 ሙከራ ብቻ የተገመተ መሆኑ አይረሳ።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ። ብዙ ሰው ከኤክስ-ዎባ ይጀምራል፤ እኛ ከስታዲየሙ ጀምሩ እንላለን።

ኤክስ-ዎባ ምን እንደሆነ ባጭሩ፦ ኳሷ ከዱላ ስትነሳ ያላትን ፍጥነትና ማዕዘን ወስዶ፣ በደካማው ተመትተው መሬት ለሚይዙ አንዳንድ ኳሶችም የመቺውን የሩጫ ፍጥነት ጨምሮ፣ «እንዲህ ያለ ምት ብዙ ጊዜ ምን ያስገኛል?» ብሎ ያሰላል። ያንን ከእውነተኛው ውጤት፣ ከዎባ (የመቺውን ውጤቶች እያንዳንዱን እንደ ዋጋው መዝኖ ከሚያሰላው ቁጥር) ጋር ማወዳደር ይቻላል። እውነተኛው ከሚጠበቀው ካነሰ ደጋፊው «ዕድለ ቢስ ነበር፣ በሚቀጥለው ዓመት ይመለሳል» ይላል። ለብዙ ቡድን ይህ ሊሠራ ይችላል። ለሲያትል ግን የዓመታት ማታለያ ነው።

ምክንያቱም ኤክስ-ዎባ የስታዲየሙን ተፅዕኖ አያስተካክልም። የማሪነርስ ሜዳ ቲ-ሞባይል ፓርክ በሳቫንት የፓርክ ፋክተር (ስታዲየሙ በውጤት ላይ ያለው ተፅዕኖ) ሰንጠረዥ ግርጌ ላይ የሚገኝ ነው፤ ከሁሉ በላይ መቺን የሚያስቸግር ሜዳ። ሲዝኑ ሲጀምር አየሩ ቀዝቃዛና እርጥብ ነው፣ ሌላ ቦታ ከአጥር የምትሻገር ኳስ እዚያ ጓንት ውስጥ ትወድቃለች። ስትራይክ አውትም (መቺው ሦስት ስትራይክ ተቆጥሮበት መውጣቱ) እዚያ ከሌላው ቦታ ይበዛል። ስለዚህ የማሪነርስ መቺ በየዓመቱ «ከሚጠበቀው በታች» ሆኖ ይታያል፤ በሚቀጥለው ዓመትም እዚያው ሜዳ ላይ ስለሚጫወት ይኸው ይደገማል። ዕድል ይለዋወጣል፤ ስታዲየም አይለወጥም። በዚህ ስህተት ላይ ተመሥርቶ ዓመት በዓመት «ዘንድሮ መቺዎቻችን ያመረቃሉ» የሚል ትንበያ ይጻፋል።

መፍትሔው አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። ስታትካስት ሰርች የሚባለውን ክፍል ክፈቱ። የተጫዋች ዓይነት ላይ መቺ የሚለውን ምረጡ (ይህን ረስቶ የወርዋሪዎቹን ቁጥር ይዞ መሟገት የተለመደ ነው)። ቡድን፦ ሲያትል። ዓመት፦ የምትፈልጉት፣ ቢቻል ሦስት ዓመት አንድ ላይ። ከዚያ የሜዳ ምርጫ ላይ አንዴ በሜዳው፣ አንዴ ከሜዳው ውጭ አድርጋችሁ ሁለት ጊዜ ፈልጉ። በሁለቱም ዎባን ከኤክስ-ዎባ ቀንሱ። ጉድለቱ በሜዳው ብቻ ከሆነ ነገሩ ስታዲየሙ ነው። ውጭም ካለ ስለ ዕድል ማውራት ይቻላል። አንድ ነጠላ ተጫዋች ላይ ይህን ማድረግ ብዙም አይረዳ፣ ቁጥሩ ያንሳል፤ በቡድን ደረጃ ግን ግልጽ ያሳያል።

ወርዋሪ ሲመጣም ሲሄድም ይኸው ይገለበጣል። ከሲያትል ወደ ሌላ ክለብ የሚሸጥ ወርዋሪ የያዘው ኢአርኤ (በእርሱ ተጠያቂነት በዘጠኝ ኢኒንግ በአማካይ የሚቆጠርበት ሩጫ) በከፊል የሜዳው ነው። ወደ ሲያትል የሚመጣ ወርዋሪ ደግሞ ከለመደው የተሻለ ቢሆን ተአምር አይደለም። ሻጩም ገዢውም ይህን ያውቃሉ፤ የማያውቀው አንዳንድ ጊዜ ደጋፊው ብቻ ነው።

ስታዲየሙ ከተለየ በኋላ ወደ ሰውየው አቅም። እዚህ ላይ ገጹ እውነተኛ ዋጋውን ያሳያል። ሦስት ቁጥር ብቻ ተመልከቱ፦ የዱላ ፍጥነት፣ ጠንካራ ምት፣ ባረል። የዱላ ፍጥነት የሊጉ አማካይ በሰዓት 72 ማይል ገደማ ነው፤ 75 ማይልና ከዚያ በላይ የሆነው ፈጣን ተብሎ ይመደባል። ጠንካራ ምት በሰዓት 95 ማይልና በላይ የተነሳች ኳስ ናት። ባረል ደግሞ ፍጥነትና ማዕዘን የተገናኙበት ነው፦ ቢያንስ 98 ማይል፣ በዚያ ፍጥነት ማዕዘኑ ከ26 እስከ 30 ዲግሪ። ፍጥነቱ ሲጨምር የሚፈቀደው ማዕዘን ይሰፋል፤ 100 ማይል ላይ ከ24 እስከ 33 ዲግሪ ይሆናል።

ከሦስቱ በጥቂት ሙከራ የሚታመነው የዱላ ፍጥነት ነው። አንድ ሰው በሳምንታት ውስጥ ባትንግ አቬሬጁ (ከመምታት ሙከራው በተሳካ ምት የሚያበቃው ድርሻ) ከ.220 ወደ .300 ሊዘል ይችላል፣ ዱላው ግን ከ70 ወደ 75 ማይል በዘፈቀደ አይዘልም። ስለዚህ በዕረፍቱ ወራት ዕድሜው ከሠላሳ ስላለፈ መቺ ስትጠይቁ መጀመሪያ የምትከፍቱት የዱላ ፍጥነቱ ነው። ዓመት በዓመት አንድ ማይል እየወረደ ከሆነ ባትንግ አቬሬጁ ቢያምርም ጠንቀቅ በሉ። እዚያው ላይ የማወዛወዙ ርዝመትም አለ። ፈጣን ዱላ ብዙ ጊዜ ረጅም ዱላ ነው፣ ረጅሙ ደግሞ ኳስ ይስታል፤ ስለዚህ ፍጥነት ብቻውን ጥሩ መቺ አያደርግም። «ስኩዌርድ አፕ» የሚባለው መለኪያ ለዚህ ነው የገባው፦ በዚያ ዱላና በዚያ ውርወራ ሊገኝ ከሚችለው ከፍተኛ የኳስ ፍጥነት ቢያንስ 80 በመቶውን ያገኘ ምት ነው። ዱላው ዘገምተኛ ሆኖ በስኩዌርድ አፕ አንደኛ የሚሆን መቺ አለ፤ ዱላው በረዶ እንደሚሰብር ፈጥኖ አሥሩን የሚስትም አለ።

የሲያትሉ ካቸር (ከመቺው ጀርባ ሆኖ ውርወራ የሚቀበለው) ካል ራሊ ላይ እንሞክረው። በ2025 60 ሆም ረን መታ፤ የካቸሮች ክብረ ወሰን የነበረውን የሳልቫዶር ፔሬዝን 48፣ በሁለቱም እጅ ለሚመቱ የነበረውን የሚኪ ማንትልን 54 አለፈ። ባትንግ አቬሬጁ ግን .247 ነው። የደጋፊው ጥያቄ «ይደግመዋል ወይ?» ነው። ኤክስ-ዎባው ብቻውን አይመልሰውም፤ ምክንያቱም ኤክስ-ዎባ ኳሷ ወዴት እንደሄደች አያይም። በ100 ማይልና በ28 ዲግሪ ወደ መሐል ሜዳ የሄደችና መስመሩን ይዛ ወደ ማዕዘን የሄደች ኳስ ለእርሱ አንድ ናቸው። መሐል ሜዳ ላይ ግን አጥሩ 400 ጫማ ገደማ ርቆ ይቆማል፣ ማዕዘን ላይ ብዙ ጊዜ ከ335 ያንሳል። ራሊ ከፍ ያሉ ኳሶችን ወደሚጎትትበት አቅጣጫ የሚመታ ሰው ነው። እንዲህ ያለ መቺ በየዓመቱ ኤክስ-ዎባውን ይበልጠዋል፤ ዕድል ስላለው አይደለም፣ አቅጣጫ ስለሚመርጥ ነው።

የዚህ ጥግ ምሳሌ አይዛክ ፓሬደስ ነው። በ2023 ለታምፓ ቤይ 31 ሆም ረን ሲመታ የኳስ ፍጥነቱ ከተራ መቺ አይበልጥም ነበር፤ ሁሉንም ወደ ግራው ጥግ ይጎትታል። ክቡን ብቻ ያየ ሰው «ይህ ይፈርሳል» ይላል። ስለዚህ የራሊን ጥያቄ ለመመለስ «ባትድ ቦል ፕሮፋይል» የሚለውን ሰንጠረዥ ክፈቱና በአየር የሚጎተቱ ኳሶቹን ድርሻ ከቀደሙት ዓመታት ጋር አወዳድሩ። ከዚያ የሆም ረን ሰንጠረዡን ክፈቱ፤ እያንዳንዷ ምት ከ30ዎቹ ስታዲየሞች በስንቱ አጥር ትሻገር እንደነበር ይነግራችኋል። በሁሉም የምትወጣ አለች፣ ከ8 እስከ 29 ባሉት የምትወጣ አለች፣ ከ1 እስከ 7 ብቻ የምትወጣም አለች። የመጨረሻዎቹ ከበዙ ቁጥሩ ይወርዳል። በእኛ ግምት ለ60 ሆም ረን መለኪያ ማበጀት ራሱ ስህተት ነው፤ ከማንም ላይ 60 መጠበቅ ስለማይገባ። የሚጠየቀው «ከ40 በላይ ይመታል ወይ?» ነው፣ ለዚያ የባረል ድርሻውና የሚጎትተው ኳስ ካልወረዱ መልሱ ከወዲሁ ይታያል።

ገጹ ጭራሽ የሚሸነፍበትን ቦታም ሲያትል ሰጥቶናል። ጆሽ ኔይለር። ሳቫንት የሩጫ ፍጥነትን የሚለካው ሰውየው በፈጠነበት አንድ ሴኮንድ ውስጥ በሚሸፍነው ጫማ ነው፤ አማካዩ 27 ነው፣ 30 የደረሰ «ቦልት» ይባላል። ኔይለር በዚህ መለኪያ ከሊጉ ዘገምተኞች አንዱ ነው፣ ክቡ ድፍን ሰማያዊ። በ2025 ግን 30 ቤዝ ሰረቀ። የሚሰርቀው በእግሩ አይደለም፤ የወርዋሪውን እግር አነሣስ፣ የውርወራውን ቆይታ፣ የካቸሩን ትኩረት አጥንቶ ነው። ይህን ካሜራው አይቶታል፣ ክቡ ግን አይናገረውም። ክለቡ በኖቬምበር 2025 ለአምስት ዓመት በ92.5 ሚሊዮን ዶላር አስፈርሞታል። በሳቫንት ብቻ የሚፈርድ ሰው «ለዘገምተኛ ይህ ሁሉ?» ይል ይሆናል። ስትራይክ አውት የማይበዛበት፣ ኳስ የሚያገናኝ መቺ ለዚያ አስቸጋሪ ሜዳ ምን እንደሚጠቅም ካሰቡ ግን ጥያቄው ስለ እግሩ እንዳልሆነ ይገባል።

ወርዋሪዎች ላይ ገጹ የበለጠ ያምራል። የውርወራው እንቅስቃሴ፣ ክንዱ የሚወጣበት ማዕዘን፣ ኳሷ የምትለቀቅበት ቦታ፣ ሁሉም በሥዕል አለ። የሲያትሉ ወርዋሪ ብራያን ዉ በ2025 ኢአርኤው ከ3 በታች ሆኖ የጨረሰው አብዛኛውን ጊዜ ፈጣን ኳስ እየወረወረ ነው። በቴሌቪዥን ሲታይ «ለምን አይመቱትም?» ያሰኛል፤ ገጹ ላይ ግን ዝቅ ብሎ የሚለቀቅ እጅ፣ ከላይ የምትቆይ ኳስና ሁለት ዓይነት ፈጣን ኳስ ታያላችሁ። መቺው ዝቅ ካለ እጅ የወጣች ኳስ ትወርዳለች ብሎ ይጠብቃል፣ እርሷ ግን አትወርድም።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ። «ረን ቫልዩ» የሚለውን ዓምድ ለወደፊት ትንበያ አትጠቀሙበት። የዚያ ውርወራ ያለፈ ውጤት ድምር ነው፤ ከኋላ ያለው ተከላካይ የያዘው ኳስ ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ። ዘንድሮ ስላይደሩ (ወደ ጎን የሚታጠፍ ውርወራው) +15 የሆነ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ዜሮ ቢሆን ያው ስላይደር ሊሆን ይችላል። ለትንበያ የሚሻለው ፍጥነት፣ እንቅስቃሴና መቺዎች አወዛውዘው የሚስቱበት ድርሻ ነው። የውርወራ ስምም ይጠንቀቁለት፤ «ስዊፐር» የሚለው ስም በ2023 ተጨምሯል፣ ቀድሞ ስላይደር ይባል የነበረው ሌላ ረድፍ ውስጥ ልታገኙት ትችላላችሁ። «ስላይደሩን ተወው» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ፍጥነቱንና እንቅስቃሴውን አይታችሁ ያው ኳስ መሆኑን አረጋግጡ።

ለጉዳት ምልክት የሚሆነው ፍጥነት ነው። ግን ኤፕሪልን ከኦገስት ጋር አታወዳድሩ፤ ክንድ በሙቀት ይፈጥናል። የዘንድሮን ሴፕቴምበር ከአምና ሴፕቴምበር ጋር አድርጉ። ተመሳሳይ ወር፣ ተመሳሳይ ሚና፣ ከአንድ ማይል በላይ ወርዶ ከሆነ ለክለቡ ሐኪም የሚቀርብ ጥያቄ አለ። ሚናው ከተለወጠ ደግሞ ንጽጽሩ ይፈርሳል፦ ጀማሪ ወርዋሪ ወደ ማገዣነት ሲዞር በአንድ ኢኒንግ ሁሉን ስለሚያወጣ አንድ ማይል ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይጨምራል። አጋዥ ወርዋሪዎችን በተመለከተ በዓመት 60 ኢኒንግ፣ 250 ገደማ መቺ ነው ያለው፤ በዚያ ላይ ቆሞ ትልቅ ፍርድ መስጠት አይገባም።

መከላከልን ባጭሩ። ኦኤኤ፣ ማለትም ከአማካይ ተከላካይ በላይ ያስገኘው አውት፣ ጥሩ መለኪያ ነው፤ ግን በአንድ ዓመት አትመኑት። ሦስት ዓመት ደምሩ። ወደ ሩጫ ለመቀየር ለኢንፊልድ (ለውስጥ ሜዳ) በ0.75፣ ለአውትፊልድ (ለውጭ ሜዳ) በ0.9 አባዙ። በ2023 ኢንፊልደሮች በሁለተኛው ቤዝ ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት ሆነው እንዲቆሙ የሚያስገድደው ሕግ ስለመጣ፣ ቀድሞ ጥሩ አቋቋም ይሸፍንለት የነበረ ዘገምተኛ ተጫዋች ቁጥሩ ወርዶ ቢገኝ አያስገርምም።

የካቸሮች ጉዳይ ግን ራሱን የቻለ ነው። ፍሬሚንግ፣ ከጠርዝ ያለችን ኳስ ጓንቱን አሳምሮ ስትራይክ የማስባል ጥበብ፣ በሳቫንት በሩጫ ተሰልቶ ተቀምጧል። ከ2026 ጀምሮ በሚሠራው የኤቢኤስ (ኳሷ ስትራይክ መሆኗን በካሜራ የሚፈርድ) አቤቱታ ሥርዓት ግን እያንዳንዱ ቡድን ሁለት አቤቱታ ይዞ ይጀምራል፤ ትክክል ከሆነ አቤቱታው አይቀነስበትም። አቤት ማለት የሚችሉት መቺው፣ ወርዋሪውና ካቸሩ ብቻ ናቸው፣ ባርኔጣቸውን ወይም የራስ ቁራቸውን መታ መታ በማድረግ፣ ከቤንች ምክር ሳይጠብቁ። የዞኑ ላይኛ ጠርዝ የመቺው ቁመት 53.5 በመቶ፣ ታችኛው 27 በመቶ ነው። ስለዚህ የቆየ የፍሬሚንግ ቁጥርን እንዳለ ወደ 2026 ማሸጋገር አይቻልም፤ ሁለት አቤቱታ ብቻ ስለሆነ ዋጋው አይጠፋም፣ በወሳኝ ሰዓት ላይ ግን ይሸረሸራል። በምትኩ ካቸር መቼ አቤት ማለት እንዳለበት የማወቅ ችሎታ ዋጋ ያገኛል፣ ይህን ደግሞ የትኛውም የ2025 ክብ አያሳይም። ወደ ሁለተኛ ቤዝ የመወርወሪያ ጊዜው፣ ፖፕ ታይም፣ እንደነበረ ይሠራል፤ አማካዩ 2 ሴኮንድ ገደማ ነው፣ 1.90 ከሆነ ሯጭ ያስባል።

የጎደለው። ሳቫንት ውል አያውቅም። አንድ ተጫዋች ከሦስት የአገልግሎት ዓመት በኋላ ደመወዙን በግልግል የማስወሰን፣ ከስድስት በኋላ ነፃ የመሆን መብት እንዳለው፣ ስለዚህም ክለቡ አሁን መሸጥ ይሻለው እንደሆነ፣ እዚህ ገጽ ላይ ፍንጭ የለም። ለዚያ ፋንግራፍስ ወይም ቤዝቦል ሪፈረንስ የሚባሉትን ድረ ገጾች መክፈት ግድ ነው። የሚቀጥለው ዓመት ትንበያም የለበትም፤ ያለፈውን ነው የሚለካው። የጃፓንና የኮሪያ ሊግ መረጃ አይገኝበትም፣ ስለዚህ ከዚያ ለሚመጣ አዲስ ተጫዋች በባዶ ገጽ ትቀራላችሁ። ከሜጀር ሊግ አንድ ደረጃ በታች ያለው ትሪፕል ኤ ግን ከ2023 ጀምሮ አለ፣ ይህም ለዕረፍት ወራት ትልቅ ስጦታ ነው፦ ሊያድግ ስለተቃረበ ወጣት ስትሟገቱ ባትንግ አቬሬጁን ትታችሁ የኳሱን ፍጥነት እዩ። እዚያ የሚወረውሩት ደካሞች ስለሆኑ ኤክስ-ዎባው ይጋነናል፤ 110 ማይል ግን የትም ቢሆን 110 ማይል ነው።

አቀራረቡ ላይ ቅሬታ አለን። ገጹ በስልክ ይከብዳል፣ ሰንጠረዦቹ ወደ ጎን ይሸሻሉ፣ የፍለጋ ክፍሉ ምርጫዎች ብዛት ጀማሪን ያባርራል። መረጃ ማውረድ ሲፈለግ በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ረድፍ ገደብ አለው፤ የአንድ ዓመት ውርወራ ሁሉ ስትጠይቁ ዝም ብሎ ቆርጦ ይሰጣችኋል፣ «ቆረጥኩት» አይልም። በወር በወር ከፋፍላችሁ አውርዱና ድምሩን ከጨዋታ ቁጥሩ ጋር አመሳክሩ። የፍለጋችሁን አድራሻም አስቀምጡ፤ ምርጫዎቹ ሁሉ አድራሻው ውስጥ ስለሚጻፉ በሚቀጥለው ዓመት ዓመቱን ብቻ ቀይሮ መክፈት ይቻላል።

ከአምስት ኮከብ አራት ተኩል እንሰጠዋለን። ግማሿን የቀነስናት ለቀለሞቹ ነው።

ፌብሩዋሪ መጨረሻ ላይ የልምምድ ጨዋታዎች ሲጀምሩ ገጹ ከአንዳንድ ሜዳዎች ቁጥር ማውጣት ይጀምራል። ያኔ ሁለት ነገር ብቻ ተመልከቱ፦ የወርዋሪዎቹን ፍጥነት ከአምናው የልምምድ ወቅት ጋር፣ እና አምና ያልነበረ አዲስ ውርወራ። የልምምድ ሆም ረን ብዛት፣ ኢአርኤና ባትንግ አቬሬጅ የሚሉትን ዓምዶች አትክፈቷቸው።